ብቻዬን ልሂድ ለሚል ሐዘንተኛ
ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ከአገራችን ታላላቅ ወንዞች ብዙዎቹ ድንበር ተሻግረው ይሄዳሉ። አዋሽ ግን ከአገር አይወጣም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ሐዘን የገባበት ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው አያጣም። እኔና ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን በ11 ዓመቱ በሕመም አጥተናል። ስለዚህ «እንደታሰበው ያልደረሰ ጉዞ ከንቱ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ባለቤቴ ባለትዳሮችን ለማስተማር ወደ ሰመራ ሲጋበዝ አብሬው ሄድሁ። መንገዱን ለማታውቁት ጥቂት ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አዋሽ ሰባት ኪሎ ትደርሳላችሁ። በጅቡቲ ባቡር ምክንያት የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ወንዙም ከአጠገቧ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይፈስሳል። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በዚሁ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው እንደተፈናቀለ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ መንገዱ ወደ ሰሜን ይታጠፍና በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርጎ ሌላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ሰመራ ያደርሳችኋል። ሰመራ አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነች፣ በድንጋያማ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በጥር ግን ማለዳው ለእግር ጉዞ ይመቻል።

ይህ ሸለቆ የእግረኞች አገር ነው። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ እስከ መጨረሻው በእግሩ ሄዷል። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ፖል ሳሎፔክም በጥር 2005 ዓ.ም. ዓለምን በእግሩ ለማቋረጥ የተነሣው ከዚሁ ከመካከለኛው አዋሽ፣ ሄርቶ ቡሪ ከሚባል ስፍራ ነው። ሁለቱም ብቻቸውን አልሄዱም፤ ግመሎችና አገሩን የሚያውቁ ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ።

በሌላው ዓለም ግን ሐዘንተኛ ብቻውን ረጅም መንገድ ሲጓዝ ይታያል። ሼሪል ስትሬይድ የምትባል አሜሪካዊት እናቷን በሞት ካጣች ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ሻንጣዋን በጀርባዋ አዝላ በተራራና በበረሃ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻዋን ተጉዛለች። በ2012 ያሳተመችውን መጽሐፍ ብዙዎች አንብበውታል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ልማድ የለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ይጣላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያሉት ወራት ረጅም ናቸው። በተለይ የመጋቢ ሚስት ስትሆኑ ሰው ሁሉ «አንቺማ ጌታን ታውቂያለሽ፣ ትበረቻለሽ» ይላችኋል። ሊያጽናኑ የመጡትን ስታጽናኑ ትውላላችሁ። ያን ጊዜ «ምነው ማንም ወደማያውቀኝ አገር ብሄድ» ያሰኛል።

ይህ ምኞት ኃጢአት ነውን? ነቢዩ ኤልያስ አገልጋዩን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ሄደ፤ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር አስቀድሞ ተግሣጽ አልላከለትም። እንጎቻና ውኃ ላከለት፤ እንዲተኛም ተወው። ጌታችንም የዮሐንስን ሞት በሰማ ጊዜ በታንኳ ሆኖ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብሏል። ስለዚህ ሐዘንተኛ ለብቻው መሆን ቢፈልግ እምነቱ ደክሟል አትበሉ።

እኔም በሰመራ በየማለዳው ከከተማው ወጣ እያልሁ ብቻዬን እሄድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፍየሎች የሚነዱ አንድ አፋር ሽማግሌ አገኘሁ። በወጣትነታቸው በዱብቲ የጥጥ እርሻ ሠርተው አማርኛ ለምደዋል። ሰላምታ ሰጥቼ ላልፍ ስል እሳቸው ግን በትራቸውን አጋድመው ተቀመጡ። ከየት እንደመጣሁ፣ በመንገድ ምን እንዳየሁ፣ ምን እንደሰማሁ ጠየቁኝ። ይህ ዳጉ ይባላል። በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ በችኮላ አይተላለፉም፤ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይነጋገራሉ። በበረሃ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ የሚታወቀው በዚህ ነው። ወሬውም እውነት መሆን አለበት፤ ሰው በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ከብቱን ይነዳልና።

«ልጄ ሞቶብኛል» አልኋቸው። «አይዞሽ» ብለው አላለፉትም። «ስሙ ማን ነው? ምን አመመው? ማን ቀበረው?» አሉኝ። ስሙን ጮክ ብዬ ከተናገርሁ ወራት አልፈው ነበር። ሁሉን ነገርኋቸው። ከዚያ እሳቸውም በድርቅ ዘመን ስለቀበሯት ሴት ልጃቸው ነገሩኝ። ፀሐይዋ ስትበረታ ተነሥተው ፍየሎቻቸውን ተከተሉ።

ወደ ማረፊያችን ስመለስ ያሰብሁት የኤማሁስን መንገደኞች ነው። ሁለቱ እያዘኑ ሲሄዱ ጌታ ቀርቦ በመንገድ ስለሚነጋገሩት ነገር ጠየቃቸው። የሆነውን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እስኪነግሩት ሰማቸው። መጻሕፍትን የተረጎመላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴን «ዳጉ እንቀመጥ» አልሁት። ስለዚያች የመጨረሻ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ አንዳችን ሌላችንን ጠየቅን። እኔ አልጋው አጠገብ ስለነበርሁ በኮሪደሩ የሆነውን አላውቅም ነበር። ለካ እርሱ የልጃችንን ጫማ በኮቱ ውስጥ ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አድሯል። የሌሎችን ቀብር የሚያስፈጽም ሰው የራሱን ልጅ ሐዘን የሚነግረው አላገኘም ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገርን፤ ከዚያም አብረን ጸለይን።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ባልና ሚስት በአንድ ቀን አንድ ልጅ ቢያጡም ሐዘናቸው አንድ ዓይነት አይሆንም። አንዱ መናገር ይሻል፣ ሌላው ሥራ ያበዛል ወይም ብቻውን መሄድ ይመርጣል። እንዲሄድ ፍቀዱለት። ሲመለስ ግን ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። የሞተውንም በስሙ ጥሩት። እንደ እኔ ወደዚያ አገር የምትሄዱ ብትሆኑ ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ወቅት ምረጡ፤ ጎህ ሲቀድ ውጡ፤ በቂ ውኃ ያዙ፤ የምትሄዱበትን ለሰው ተናገሩ።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። ነገር ግን በ1,200 ኪሎ ሜትር መንገዱ ያጠጣውን ሰው፣ ግመልና ፍየል ማን ይቆጥረዋል? ልጃችንም በ11 ዓመቱ ያጠጣን ብዙ ነው፤ ያንንም አሁን በቤታችን በስሙ እየጠራነው እንነጋገራለን። ጌታ ያዘኑትን ሁሉ ያጽናና።