ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ፍሬ

ሰሞኑን በመሥሪያ ቤታችን ሥልጠና ነበር። አሠልጣኙ በየመካከሉ «ሎው ሃንጊንግ ፍሩት» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ይደጋግም ነበር። ቃል በቃል ሲፈታ «ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ፍሬ» ማለት ነው። ዛፍ ላይ ሳይወጡ፣ መሰላል ሳይፈልጉ፣ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው የሚቀጥፉት ማለት ነው። በሥራው ዓለም ብዙ ሳይደከምበት ቶሎ የሚገኝን ውጤት ያመለክታል። ሥራ ሲበዛ «በቀላሉ እንጀምር» ለማለት ይጠቅማል። አንዳንዴ ደግሞ ቀላሉን ብቻ እየለቀመ ከባዱን የሚሸሸውን ሰው ለመውቀስ ይነገራል።

ምክሩ በራሱ መጥፎ አይደለም። ጌታም በሰማርያ ሳለ እርሻው ለመከር መድረሱን እንዲያዩ ደቀ መዛሙርቱን ነግሯቸዋል (ዮሐ. 4፥35)። የደረሰን ፍሬ መሰብሰብ ኃጢአት አይደለም። እኔን የነካኝ ግን ወቀሳው ነው።

በየማለዳው ጥቅስ የተጻፈበት ምስል በቴሌግራም ለብዙ ሰው እልካለሁ። እሑድ እሑድ በር ላይ ቆሜ ምእመናንን በፈገግታ እቀበላለሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ግን በአባታችን ቤት ሽያጭ ተጣልተን ሁለት ዓመት አልፎናል። ለማላውቀው ሰው «ተባረክ» የሚለው አፌ ለእናቴ ልጅ «እንደምን አለህ» ማለት አቅቶት ነበር። አገልግሎቴ ሁሉ እጄ የሚደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነበር።

ልጆች ሳለን በአያታችን ግቢ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበር። ታች ያለውን ፍሬ ጥሬውን ቀጥፈን እንጨርሰው ነበር። ፀሐይ የሚያገኘውና ቀድሞ የሚበስለው ግን ላይኛው ነው። እኔ ከፍታ ስለምፈራ ወንድሜ ይወጣና የበሰለውን ይወረውርልኛል፤ እኔ ከሥር ሆኜ በሸሚዜ እቀልባለሁ። ያ ትዝ ሲለኝ አለቀስኩ።

ወዳጆቼ፣ ሰይጣንም ለጌታችን ያቀረበለት ዝቅ ያለ ፍሬ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰግድለት የዓለምን መንግሥታት ሁሉ ሊሰጠው፣ ያለ መስቀል ሊያነግሠው ፈለገ (ማቴ. 4፥8-10)። ጌታ ግን እምቢ አለ፤ እኛን ሊያስታርቀን በመስቀሉ መንገድ ሄደ። ታዲያ በእርሱ የታረቅሁት እኔ አንድ ስልክ መደወል እንዴት ከበደኝ? መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር ይታረቅ የተባለውስ (ማቴ. 5፥23-24) ለማን ነው?

በዚያው ማታ ደወልኩ። «ማን ልበል?» አለኝ፤ ቁጥሬን አጥፍቶታል። «እኔ ነኝ ወንድሜ፤ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው» አልኩት። ረጅም ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ «ቅዳሜ ቤት ነኝ» አለና ዘጋው። የቤቱ ጉዳይ ገና አላለቀም፤ ቅዳሜ ግን እሄዳለሁ።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ እጃችሁ ስላልደረሰ ብቻ የተዋችሁት ፍሬ የትኛው ነው?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ቀላሉን ብቻ እየለቀምኩ ፍሬያማ ነኝ ብዬ ራሴን እንዳላታልል እርዳኝ። ወደምፈራው ቅርንጫፍ የምወጣበትን ጸጋ ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።