በሰፈራችን የቆሙ ትንንሽ መኪኖች

የዛሬው ጉዟችን ፓስፖርትም ስንቅም አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ውስጥ ከገርጂ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ተነስተን፣ በኮብልስቶኑ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ጃክሮስ እንዘልቃለን። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁንልን፤ ያን ጊዜ ብዙው ሰው ቤቱ ስለሚገባ መኪናውም በር ላይ ይቆማል። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ውጡ፤ ቆጠራ ይወዳሉ። የምንፈልገው ግን የሚያብረቀርቀውን ትልቅ መኪና አይደለም። ነዳጅ ቆጣቢዋን ትንሽ መኪናና ትንሹን ፎር ባይ ፎር ነው።

ቆጠራውን ማን እንደምታሸንፍ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ቪትዝ ናት። ቶዮታ ይህችን መኪና በጃፓን ገበያ ያወጣት በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ በተሸጠች በዓመቱ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሆና ተመርጣለች። ጃፓኖች ቪትዝ የሚለውን ስም በ2020 እ.ኤ.አ. ትተውታል፤ በእኛ ሰፈር ግን ስሙ ገና ብዙ ዘመን የሚኖር ይመስለኛል። የመጀመሪያዋን ትውልድ ካገኛችሁ (ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ!) በመስኮት አጮልቃችሁ እዩ። የፍጥነት መለኪያው በሾፌሩ ፊት ሳይሆን በዳሽቦርዱ መሐል ነው። በጃፓን መሪ በቀኝ ስለሆነ፣ ወደ እኛ አገር ሲመጡ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ አሉ፤ መለኪያው መሐል መሆኑ ለዚያ ሥራ ሳይመች አልቀረም።

ስለ ቪትዝ ሰው ሁሉ “ዳገት ላይ ትደክማለች” ይላል። ታዲያ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ሲያንስ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ 1,000 ሲሲ ሞተር ያላት ቪትዝ ፋብሪካው 70 ያህል የፈረስ ጉልበት ቢሰጣትም፣ እኛ ዘንድ የምትሠራው በ55 ገደማ ነው። በዚያ ላይ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነንባት እንጦጦን ውጪ እንላታለን!

በመንገዳችሁ ላይ አሮጌ ላዳ ካጋጠማችሁ ቁሙና ልጆቹን አሳዩአቸው። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶቭየት ኅብረት የተሠራችው ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት ያደረገች ናት፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ወላድ አመላልሳለች። ቮልስ ካያችሁማ ዕድለኞች ናችሁ። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። ይህን ለልጆች ስትነግሯቸው ኮፈኑን ካልከፈትን ይሏችኋል።

አሁን ወደ ፎር ባይ ፎሮቹ እንምጣ። በብዛት የምታዩት ራቭ ፎር፣ ሱዙኪ ቪታራና ቴሪዮስ ይሆናል፤ አልፎ አልፎም ሱዙኪ ጂምኒ። የ2018 እ.ኤ.አ. ጂምኒ ርዝመት ከመጀመሪያዋ ቪትዝ ጋር እምብዛም አይለያይም፤ ሁለቱም 3.6 ሜትር ገደማ ናቸው። ልዩነቱ ከታች ነው። ጂምኒ እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ አለው፣ ከመሬትም ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ ይላል። ራቭ ፎር ግን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው እንደ ቤት መኪና ያለ ሻንሲ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ ሁሉ ፎር ባይ ፎር አይደለም። ጎንበስ ብላችሁ በኋላ ጎማዎቹ መካከል እዩ። ዲፈረንሻል ከሌለ መኪናው የሚጎተተው በፊት ጎማ ብቻ ነው። የምትገዙም ከሆነ ከደላላው ቃል ይልቅ ይህን እመኑ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ እንግዳ በሰፈሩ በዝቷል። መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው ያን ጊዜ ነበር። ትንንሾቹ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ሳይሰሙ አጠገባችሁ ይደርሳሉ፤ የልጆቹን እጅ ያዙ። የአየሩ መሳሳት ሞተራቸውን አያደክመውም። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ግን ሽቦውን ከየት ይዘርጋ? በግቢ ቤት ለሚኖር እንጂ ለሁሉም የሚመከር አይመስለኝም።

ከኮንዶሚኒየሞቹ በአንዱ ሥር ጭቃ የደረቀበት አሮጌ ቴሪዮስ ይቆማል። የባለቤቶቹን ታሪክ አውቃለሁ። ባልና ሚስት ናቸው፤ አስቀድሞ ቪትዝ ነበረቻቸው። የሚስቲቱ እናት ከሱሉልታ አስፋልት ገባ ብለው ይኖራሉ፣ ስኳር አለባቸው። በክረምት መንደሩ ዋልካ ስለሆነ ቪትዟ አስፋልቱ ላይ ትቀራለች። ሚስት “ከፍ ያለ እንግዛ” ስትል ባል የነዳጁን ሒሳብ በወረቀት ጽፎ አቀረበላት። ወራት ተከራከሩ። እውነት ለመናገር የባል ሒሳብ ትክክል ነበር፤ ጭቃው የሚያስቸግረው በዓመት ሦስት ወር፣ ነዳጁ ግን ዐሥራ ሁለት ወር ነው። እሷ ግን እናቷን እንጂ ወራቱን አልቆጠረችም። በመጨረሻ ቪትዟን ሸጠው፣ ሳይበደሩ በዚያችው ገንዘብ ላይ ትንሽ ጨምረው 1,300 ሲሲ የሆነ አሮጌ ቴሪዮስ ገዙ። ባል ከመክፈሉ በፊት ራሱ መሬት ተኝቶ ዲፈረንሻሉን አየ። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ተመላልሷል፣ የእሑድ የደብረ ዘይት ሽርሽራቸውም ቀርቷል።

በሐምሌ አንድ ሌሊት ስልክ ተደወለ፤ እማማ ራሳቸውን ስተው ነበር። ዝናብ እየዘነበ ደጃፋቸው ድረስ ገብተው አውጥተዋቸዋል። እማማ ዛሬ አሉ፤ ባልም ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ያጉረመርማል፣ ግን መኪናውን አላጥብም ይላል። ነገ ተመልሶ ሱሉልታ ነውና።