መቻልን ማን ይመርምረው?

እኛ ቤት ውሻ ሲታመም ምርመራው አጭር ነው። እንጀራ እንወረውርለታለን። ከበላ ድኗል፤ ካልበላ «ተዉት፣ ይተኛበት» እንላለን። ወረፋ የለው፣ ክፍያ የለው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል።

መቻል የታመመ ጊዜም እንዲሁ አደረግን። መቻል ፍኖተ ሰላም ያለውን የቤተሰባችንን ግቢ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ውሻ ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀምስ አለ። አገጩ ወርዶ ለሃጩ ይንጠባጠባል፤ ሊጮህ ሲሞክር ድምፁ ይሻክራል። የፋሲካ ሰሞን ስለነበር ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ «አጥንት ተሰክቶበት ነው!» የአሥር ዓመቱ ታናሽ ወንድማችን እጅጌውን ሰብስቦ እጁን መቻል አፍ ውስጥ ከተተ። አጥንት የለም። እጁን ሲያወጣ ግን ጥርሱ ጣቱን ጫር አደረገው።

እኛስ ያን ሰዓት ምን እንሠራ ነበር? አዲስ አበባ ያለች ጓደኛችን ድመቷን ራጅ አስነስታ የላከችልንን ፎቶ በስልክ እያሳየን ነበር። የድመቷ የጎድን አጥንት እንደ ማበጠሪያ ተደርድሮ ይታያል። «እዚህም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እኮ አጥንቱ የት እንዳለ እናውቅ ነበር» እያልን በአገራችን ኋላ ቀርነት ተከዝን።

በመጨረሻ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ክሊኒኩ የተሠራው ለበሬ፣ ለላም፣ ለበግና ለአህያ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከብት የሚያዝበት የአጣና አጥር አለ፣ ውስጥ ደግሞ ቴርሞሜትር፣ ማዳመጫና መርፌ። ስለ ራጅ ስንጠይቅ ሐኪሙ አልሰማንም። የመቻልን ሁኔታ ሰምቶ እንደጨረሰ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «አፉን የነካ ሰው አለ?»

አራት ዓመት ሙሉ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እያልን ጋዜጠኝነት ተምረናል። ያቺን «ማን» ግን አልጠየቅናትም ነበር።

የተማርነውን እናንተም ስሙት። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ሁሉ አይናከስም። አንዳንዱ መንጋጋው ሽባ ሆኖ አፉ ይከፈታል፤ አጥንት የተሰካበት ይመስላል። ቫይረሱ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ስለሚገባ ራጅም አልትራሳውንድም አያሳየውም፤ በሕይወት ያለን ውሻ «ነፃ ነው» የሚያሰኝ ተራ የደም ምርመራም የለም። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመ፣ በነከሰበት ጊዜ በምራቁ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ከሞተ ግን የሚመረመረው አንጎሉ ነው። ላቦራቶሪው ከአንጎሉ ቁራጭ ወስዶ የሚያበራ ቀለም ባለው ፀረ እንግዳ አካል ያክመውና በማይክሮስኮፕ ያየዋል።

ይህ ምርመራ በአገራችን ለረጅም ዘመን የሚታወቀው አዲስ አበባ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ቦታ ነው። ሰፈሩን ሰው አሁንም «ፓስተር» ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን ሕፃን በክትባት ባተረፈው በሉዊ ፓስተር ስም። ታዲያ የውሻው ጭንቅላት ከእኛ ከተማ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ፣ በበረዶ ታሽጎ፣ ሳይበሰብስ መድረስ አለበት። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የጎጃም መንገድ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ ተሳፋሪ የለም።

መቻል በሦስተኛው ሌሊት ሞተ። ጭንቅላቱ ይላክ ብለን አፋችንን ስንከፍት እናታችን «ዘጠኝ ዓመት የጠበቀንን?» አለች። ዝም አልን። አባታችን በጓንትና በላስቲክ ይዞ አጥሩ ሥር ቀበረው። ውጤቱም አብሮት ተቀበረ።

ሐኪሙ ግን ገና ከመጀመሪያው «ውጤት አትጠብቁ፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም» ብሎናል። የልጁን ጣት 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሳጠበን፤ ክትባት ዛሬውኑ አለን። ክትባቱ በመጀመሪያ በጠየቅንበት ቦታ አልነበረም። በማግስቱ መንገድ ተዘጋ። ጎረቤት መጥቶ ከመድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሥር እናምጣ አለ። እናታችን ቀልቧ ከሁለት ተከፈለ፤ እኛም አልፈረድንባትም፣ ልጇ ነው። በሦስተኛው ቀን መኪና ተገኝቶ ሌላ ከተማ ደረስን። ወንድማችን የድሮውን፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ ወሬ ሰምቶ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። የአሁኑ ክንድ ላይ መሆኑን ሲያይ ግን ተናደደ፤ ያለቀሰው በከንቱ ሆነበታ።

ዙሩን ጨርሷል። ደህና ነው። ያን ጊዜ ግን እጁን ባጠበ ቁጥር እናታችን ከኋላው ቆማ ውኃ ይፈራ እንደሆነ ታየው ነበር። ለወራት።

አሁን ቡችላ አለን። ሦስት ወር ሲሞላው የመጀመሪያ ሥራችን እዚያው ራጅ የሌለው ክሊኒክ ወስደን ማስከተብ ነበር። ለመቻል አንድ ቀን አስበነው የማናውቀው ነገር ነው። የጓደኛችን ድመት ራጅ ዛሬም ስልካችን ውስጥ አለ፤ ቆንጆ ፎቶ ነው። እኛን ግን ራጅ ባያድነንም ያቺ መርፌ ታድነን ነበር።