ቤት ሲነደፍ እናት ትጠየቅ

ከለገሃር ተነሥቶ በሪቼና በጎተራ አድርጎ ወደ ሳሪስ የሚወርደው ታክሲ ማለዳ የሚያሳፍረው በአብዛኛው ሠራተኛውን ነው። ባለፈው ማክሰኞ እኔም ምሳዋን በዘንቢል በያዘች የፋብሪካ ሠራተኛና ሕፃን ባዘለች ወጣት እናት መካከል ተቀምጬ ወደ ነፋስ ስልክ ወረድኩ። በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ስናነሣ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ጽዳቱና ስለ አያያዙ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ስላለው ነገር፣ ይኸውም ቤቱ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ማን እንደሚነድፈውና ማን እንደሚጠየቅበት እናወጋለን።

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው ይባላል። መልእክት ያለ ገመድ ሲሄድ የሰሙ የዚያን ዘመን ሰዎች «የነፋስ ስልክ» ቢሉት አያስደንቅም። ስሙ ዛሬ ከደብረ ዘይት መንገድ ዳር አልፎ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ከተማ ተሰጥቷል። ነፋስ ስልክ ላፍቶ ከአዲስ አበባ 11 ክፍላተ ከተማ አንዱ ሲሆን ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ለቡንና ጀሞን የመሳሰሉ ሰፈሮችን ያቅፋል። ከጥንት ጀምሮ የፋብሪካ ሰፈር ነው። የቀለም ፋብሪካውና የአደይ አበባ የጥጥ ፋብሪካ ስማቸው ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይነሣል።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በመሠራት ላይ ነበር። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በባሬላ አሸዋ ወደ ላይ ያመላልሳሉ። ቆሜ ስቆጥር ከ12 ተሸካሚዎች 9ኙ ሴቶች ነበሩ። ፕላኑን ዘርግተው የሚነጋገሩት ሦስት ሰዎች ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው። ለእረፍት ጥላ ሥር ወደ ተቀመጡ አንዲት እናት ጠጋ ብዬ፣

«እትዬ፣ ይህ ቤት ምን ሊሆን ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ እኅቴ!» አሉና ሣቁ። «ወረቀቱ እነሱ ዘንድ ነው። እኛ ዘንድ ያለው አሸዋው ነው።»

እትዬ ይህን የተናገሩት ለቀልድ ነው። ነገር ግን ከቀልድነቱ ይልቅ እውነትነቱ ያመዝናል። የዚህች ከተማ ሕንፃዎች በሴቶች ትከሻ ያልወጣ አሸዋና ውሃ የላቸውም ማለት ይቻላል። በየሰፈሩ የተነጠፈው የኮብልስቶን ድንጋይም ሲፈለጥና ሲጠረብ ብዙ ሴቶች እንጀራቸውን አግኝተውበታል። ወረቀቱ ላይ፣ ማለትም መስመሩ በሚሰመርበት ጠረጴዛ ዙሪያ ግን የሴቶች ቁጥር ገና ከወንዶቹ ያነሰ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ፣ ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው ወገኖችማ ከነጭራሹ ሲጠየቁ የሚታዩት አልፎ አልፎ ነው። ይህ ጉዳይ ምን እንደሚያስከትል ያየሁት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር።

ከሳሪስ አቦ ወደ ምዕራብ ቀለበት መንገድን ይዤ፣ ከክፍለ ከተማው የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ወደ አንዱ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት እናት እንድጎበኛት ቀጥራኝ ነበር። ወደ ቤቷ ስወጣ ደረጃዎቹን ቆጠርኳቸው፤ 68 ናቸው። ከታች ከደረጃው ሥር አንድ ተሽከርካሪ ወንበር በሰንሰለት ታስሮ አየሁ።

«ወንበሩ ምድር ይኖራል፤ እኛ አራተኛ» አለችኝ ቡና እየቆላች።

የ11 ዓመት ልጅ አላት። ከተወለደ ጀምሮ እግሮቹ አይታዘዙለትም። አእምሮው ግን ንቁ ነው፤ አራተኛ ክፍል ሲሆን በሒሳብ ከክፍሉ ቀዳሚ ነው። የቤቱ ዕጣ ሲወጣላት ልጁ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር በአንቀልባ አዝላው ትወጣ ትወርድ ነበር።

«ቤት አገኘሽ ብለው ጎረቤቶቼ እልል አሉልኝ፤ እኔም እልል አልኩ። ደረጃውን የቆጠርኩት ኋላ ነው። አሁን ልጄ 31 ኪሎ ሆኗል።»

ሁልጊዜ ጠዋት ከሥራ በፊት አዝላው ትወርዳለች። ወደ ትምህርት ቤት በወንበሩ ትገፋዋለች። ማታ ደግሞ አንድ የጎረቤት ወጣት ሲኖር ያግዛታል፤ ሳይኖር ራሷ ታወጣዋለች። ልጁ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ይህን ነገረችኝ። «አንዳንድ ቀን ወገቤን እንዳመመኝ ሲያይ ‹ሆዴን አሞኛል፣ ዛሬ አልሄድም› ይለኛል። እንዳላመመው አውቃለሁ። እኔም ያመመው መስዬ እተወዋለሁ።»

ውድ እኅቶች፣ ልጁን ከትምህርት ያስቀረው እግሩ አይደለም። እግሩማ እስከ አራተኛ ክፍል አድርሶታል። ያስቀረው 68 ደረጃ ነው። ደረጃውን ደግሞ የነደፈው ሰው ነው።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ፕሮግራም ከኪራይ ለወጡ ብዙ ቤተሰቦች ታላቅ እፎይታ ሆኗል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲለይ መደረጉም ለብዙ እናቶች በስማቸው የተመዘገበ ቤት አስገኝቷል። አብዛኞቹ ሕንፃዎች ያለ አሳንሰር ባለ አራት ፎቅ ሆነው የተሠሩት ወጪው እንዲቀንስና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ እንዲችለው ታስቦ ነው። ነዳፊዎቹ የእናቶችን ሥራም ጨርሶ አልረሱም፤ ለማብሰያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ከሕንፃዎቹ አጠገብ አቁመዋል።

ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ያለች እናት ሕፃን ታቅፋ፣ ሊጥ በባልዲ ይዛ፣ ምድር ወርዳ እንጀራ ጋግራ እንድትመለስ መጠበቅ ሊጥ ተሸክሞ ለማያውቅ ሰው ብቻ ቀላል ነው። ስለዚህ ምጣዱ ጠባቧ ወጥ ቤት ውስጥ ተጣደ፤ በርበሬው በመተላለፊያው ላይ ተሰጣ። ይህ የእናቶቹ ሥርዓት ማጣት አይደለም። ንድፉ ሳይጠይቃቸው ስላለፈ እነሱ በኋላ የሰጡት መልስ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ፣ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዲመቻቸው ደንግጓል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከስድስቱ አንዱ፣ ከፍተኛ የአካል ጉዳት አለባቸው። ከነሱ ጋር እርጉዞችን፣ አረጋውያንን፣ ሕፃን ያዘሉትንና ዕቃ የተሸከሙትን ስንደምር «ደረጃ የሚከብደው ሌላ ሰው ነው» የምንለው ነገር የሁላችንም ይሆናል።

አንዳንድ መሻሻል አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ ጠርዛቸው ዝቅ ያለባቸውና ለዓይነ ስውራን በትር መሪ የሚሆን ንጣፍ ያለባቸው ቦታዎችም ይታያሉ። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ግን ሌላ ነው። ጭቃውን ያስቀረልን ኮብልስቶን ለተሽከርካሪ ወንበር ጎማ አስቸጋሪ ነው። የቀለበት መንገዱ የእግረኛ ድልድዮችም ደረጃ ናቸው፤ ያች እናት ልጇን ወዲያ ማዶ ለማሻገር ብትፈልግ እንደገና ማዘል ይኖርባታል።

ጉዳዩ የእግር ብቻም አይደለም። በዚሁ ክፍለ ከተማ መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት የቆየ ትምህርት ቤት አለ። በምልክት ቋንቋ የሚነጋገር ተማሪ የጓደኞቹን እጅና ፊት ማየት አለበት። ስለዚህ ደህና ብርሃን፣ ክብ ሠርቶ ለመቀመጥ የሚመች ክፍል፣ ማን እንደመጣ የሚያሳይ መስታወት ያለበት በር ያስፈልገዋል። ይህን ከራሱ ከተማሪው በላይ ለነዳፊው ሊያስረዳ የሚችል ማን ነው?

ታዲያ ወረቀቱ እነማን ዘንድ ይድረስ? በአገራችን የሕንፃ ትምህርት መሠረት የሆነውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የልደታው ሕንፃ ኮሌጅ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዩኒቨርሲቲው ተመርቀው ስማቸውን ካስጠሩት ሴቶች አንዷ አርክቴክት ራሔል ሻውል ናቸው። አዲስ አበባ የሚገኘው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ኻንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከሆላንዳውያኑ ነዳፊዎች ጎን በአገር ውስጥ አርክቴክትነት ሥራውን ከመሩት መካከል ነበሩ። ዛሬ የራሳቸውን የነደፋ ድርጅት ይመራሉ።

በዓለምም ቢሆን በሩ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። በሙያው ከፍተኛ የሚባለው የፕሪትዝከር ሽልማት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ኢራቅ የተወለዱት ዛሃ ሐዲድ፣ ያገኙት በ2004 ነው። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ደግሞ የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬ በ2022 ሆነዋል።

ሴት መሆን ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች ቤቶች አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ነደፉ። እሳቸው ራሳቸው ከዚያ በፊት ምግብ አብስለው እንደማያውቁ በኋላ ተናግረዋል። ስለማያውቁም የቤት ሥራን እርምጃ በእርምጃ፣ በሰዓት እየለኩ አጠኑ። ከዚያም መደርደሪያውን፣ ምድጃውንና መታጠቢያውን እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ስፍራ አደረጉ። በከተማዪቱ 10,000 ያህል ቤቶች ያች ወጥ ቤት ገባችላቸው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የማያውቅ ይጠይቅ፣ ይለካም። የእኛም አርክቴክቶች፣ ሴትም ሆኑ ወንድ፣ ምጣድ የሚጣድበትን ቁመትና ጭሱ የሚወጣበትን አቅጣጫ ከጋጋሪዋ ቢጠይቁ ምን ይጎድልባቸዋል?

እኛስ ከቤታችን ጀምረን ምን ልናደርግ እንችላለን?

አንደኛ፣ ሒሳብና ሥዕል የምትወድ ልጅ ያለችን እናቶች «ግንባታ የወንድ ሥራ ነው» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። አካል ጉዳት ላለበት ልጅም እንዲሁ። የነዳፊ ዋና መሣሪያው ሐሳቡና የሚስለው እጁ ነው።

ሁለተኛ፣ ሴቶች በሚሠሩበት ግንባታ ሁሉ ለብቻ የሆነ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ እንዲኖር በሥራ ቦታችን እንጠይቅ። ይህ በሌለበት ስፍራ የቀን ሠራተኛዋም ወጣቷ መሐንዲስም እኩል ይቸገራሉ።

ሦስተኛ፣ በማኅበር ቤት የምታሠሩ ወይም ግቢያችሁን የምታድሱ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ፕላኑን አምጡ በሉ። የሚከተሉትን መለኪያዎች ያዙ። ለአንድ ሜትር ከፍታ የ12 ሜትር ተዳፋት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ካሉ ተዳፋቱ ወደ 5 ሜትር ተኩል መሆን አለበት ማለት ነው። የበር ስፋት ከ80 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ 90 ቢሆን ይመረጣል። ተሽከርካሪ ወንበር ዞሮ ለመመለስ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። በደረጃው ጎንና በመጸዳጃው ግድግዳ ላይ የእጅ መደገፊያ ይኑር። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ከታሰበበት ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ብዙ የሚያስከፍል አይደለም።

ልሰናበታት ስል ልጁ ሒሳቡን ጨርሶ ወጣ። «እትዬ፣ ስትወርጂ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዱ ደረጃ ተሰብሯል፤ እንዳትወድቂ» አለኝ። ራሱ በእግሩ ረግጦት የማያውቀውን ደረጃ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ አጥንቶታል። እውነትም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ተሰብሮ አገኘሁት።

ወረቀት ገና ወረቀት ሳለ ለማስተካከል የሚያስፈልገው አንድ እርሳስና አንድ ላጲስ ነው። አርማታ ከሆነ በኋላ ግን ዕዳውን የምትከፍለው እናት በወገቧ፣ ልጅም በትምህርቱ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ቤት ሲነደፍ ከጠረጴዛው ዙሪያ እናት ትጠየቅ፤ ከተቻለም እርሳሱን እሷው ትያዘው።