የጫጉላው ጕዞና የኪስ ነገር

ጫጉላ የሚለው ቃል በቀደሙት አባቶቻችን ዘንድ የቤት ስም ነበር። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከሠርጉ በኋላ ከሰው ዓይን ተለይተው የሚሰነብቱበት፣ በእንጨትና በቅጠል የተሠራ ዳስ ወይም በመጋረጃ የተከለለ እልፍኝ ጫጉላ ይባል ነበር። ሚዜዎች ደጁን ይጠብቃሉ፤ ምግቡም መጠጡም በእነርሱ እጅ ይገባል፤ ሙሽራይቱም የአዲሱን ቤት ድምፅ ቀስ በቀስ ትለምዳለች። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ቃሉ ከቤት ወጥቶ መንገደኛ ሆኗል። ሠርግ ሲነሣ ገና የጥሪው ወረቀት ሳይታተም «ለጫጉላ የት ልትሄዱ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም የባሕር ማዶ ደሴት ካልሆነ ጠያቂው ዝም ይላል።

ይህን የምጽፈው ዘመኑን ለመንቀፍ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻና ከሌላም ግዳጅ ነጻ ሆኖ በቤቱ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ሙሽሮች ዐርፈው መሰንበታቸው የሚያከራክር ነገር አይደለም። የሚያከራክረው የት፣ በምን ያህል ገንዘብ፣ በምንስ ቅደም ተከተል የሚለው ነው። ይህ ክርክር በ2017 ዓ.ም. በእኛ ቤት ስለ ተነሣ፣ ልጅ ለሚድሩ አንባብያን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የእኅቴ ልጅ እዚሁ ጐንደር ማራኪ ተወልዳ ያደገች፣ በመድኃኒት ቤት የምትሠራ ናት። እጮኛዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ከደመወዛቸው እየቀነሱ 120 ሺሕ ብር አጠራቀሙ፤ ሐሳባቸውም ከሠርጉ በኋላ ወደ ዛንዚባር ለመሄድ ነበር። ዛንዚባር በታንዛንያ ያለች፣ በቅርንፉድ ንግድ የታወቀች፣ ነጭ አሸዋና ሞቃት ባሕር ያላት፣ የጥንት ከተማዋም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ደሴት ናት። አውሮፕላናችንም ከአዲስ አበባ ይበርባታል። ሐሳቡ የሕፃን ሐሳብ አልነበረም፤ ገንዘቡ መቆጠብ በጀመረበት ጊዜ በምንዛሪው ሲሰላ ተስፋ የሚያስቈርጥ አልነበረም።

ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ120 በላይ ሆነ። ከሁለት ሺሕ ዶላር በላይ ሊመነዘር ይችል የነበረው የልጆቹ ቍጠባ አንድ ሺሕ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ቀረ። አንዲትም ብር አልጠፋችም፤ ደሴቲቱ ግን በእጥፍ ራቀች። በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው በየራሱ 44 ዶላር ለኢንሹራንስ እንዲከፍል ታዘዘ።

በዚህ ጊዜ ነበር ወደ እኔ የመጡት። አባቷ በሕይወት ስለሌለ የእርሱን ቦታ ይዤ ሽማግሌ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ ዐይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣ «አጎቴ፣ መቶ ሺሕ ብር የሚያበድረን ሰው አግኝተናል፤ ዋስ ይሁኑን» አለችኝ።

ለምን ብዬ ጠየቅሁ።

«ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ አሁን ቀረ ብዬ እንዴት እነግራቸዋለሁ?»

ይሉኝታ በእኛ አገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ልጁ ዝም ብሎ ነበር፤ ፊቱን ስመለከት ግን ብድሩን እንደማይወድደው፣ እርሷንም ማሳዘን እንደማይችል ተረዳሁ። የቤት ኪራይ ገና ይከፈላል፤ አልጋና ምድጃ ገና ይገዛል፤ በሁለት ደመወዝ መቶ ሺሕ ብር እየከፈሉ መጀመሪያውን ዓመት ሲያሳልፉ አሰብሁ። ዋስ አልሆንም አላልኋቸውም፤ ሁለት ቀን ስጡኝ አልሁ።

መፍትሔውን ያመጡት እናቴ ናቸው። ማታ ነገሩን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ደሴት ያማራቸው እንደ ሆነ ባሕሩ እዚህ እታች አይደለም ወይ?» አሉ። የጐንደር ሰው ባሕር ሲል ጣናን ማለቱ ነው።

በእውነቱ ከሆነ ጣና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በሞቃቱ የምድር ክልል ውስጥ የሚገኝ፣ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች እንዳሉት የሚነገርለት፣ ከሐይቆቻችን ሁሉ የሚሰፋ ውሃ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ሙቀቱ አያስጨንቅም። ለዚህ ውሃ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ዶላርም አይፈለግም።

ልጅቱ ግን ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «ጣናማ ሰው ለሱባዔ የሚሄድበት ነው፤ ጫጉላዬን ሱባዔ ልታደርጉብኝ ነው ወይ?» አለች።

ይህ ቃል ብዙዎች እንደሚያደርጉት በተግሣጽ የሚታለፍ አልነበረም፤ እውነት አለበትና። ገዳም የሙሽሮች ማረፊያ አይደለም፤ መነኰሳቱም የሰው ጫጉላ ለማየት ዓለምን አልተዉም። ባልና ሚስት በግንኙነት ባደሩበት ቀን ቤተ መቅደስ እንደማይገቡም የታወቀ ሥርዐት ነው። እንግዲህ ጫጉላውን በጣና የሚያደርግ ሙሽራ ከየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቆሞ ሊመለስ ነው? ወይስ ሳምንቱን ሁሉ እንደ መናኝ ሊያሳልፍ ነው?

ይህን ይዤ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄድሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ በተክሊልና በቅዱስ ቍርባን የተጋቡ ሙሽሮች ከቍርባን በኋላ ተከባብረው የሚጠብቋቸው ቀኖች እንዳሉ አስታወሱኝ። ቀኖቹን ለሙሽሮቹ ራሳቸው ይነግሯቸዋል። ታዲያ የደሴቶቹን አብያተ ክርስቲያናት በእነዚያ ቀኖች ይሳለሙ፤ ከዚያ በኋላ በከተማው በባሕሩ ዳር ቤት ይዘው እንደ ሙሽሮች ይረፉ። ሱባዔውም ጫጉላውም በየቦታው ይሆናል ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሆኖም ይህን ቅደም ተከተል አስቀድሞ የሚያስብ ሙሽራ ጥቂት ነው። ልጅቱም ይህን ስትሰማ ዕንባዋን ጠርጋ ወረቀትና እርሳስ አመጣች።

መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ ቀኑ ነው። በጐንደር የጥምቀት ሰሞን ከየአገሩ እንግዳ ወደ ፋሲል መዋኛ ስለሚጐርፍ የአልጋ ዋጋ ይወደዳል፤ የአውሮፕላን ቦታም ይጠፋል። በሌላ በኩል ሠርግ እጅግ እንዳይዘገይ ዐቢይ ጾም ይከለክላል። በ2017 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ይገባ ነበር። ስለዚህ ሠርጉ እሑድ ጥር 18 ቀን እንዲሆን ቈረጥን፤ የጥምቀት እንግዳ ተመልሷል፣ ጾሙም ገና ነው።

ቀጥሎ የመንገዱ ነገር መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ቆይቷል። በዚህ ጊዜ ጕዞ የሚያስብ ሰው በቀን ብቻ ይጓዝ፤ ከመነሣቱም በፊት ከሾፌሮች ይጠይቅ፤ መንገድ ቢዘጋበት ሁለት ቀን የሚያሳድረውን ገንዘብም ለብቻው ይያዝ። እኛ ለዚህ 10 ሺሕ ብር ለየን። ለእኛ ከጐንደር የሚቀርበው ጐርጎራ ነው፤ በአዘዞና በቈላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያም በጥንታዊ ሥዕል ያጌጠችው ደብረ ሲና ማርያም አለች። ልጅቱ ግን ከጐርጎራ ይልቅ ናርጋ ሥላሴን ለማየት ፈለገች። ለናርጋ የሚመቸው ባሕር ዳር ስለ ሆነ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ግድ ሆነ።

ናርጋን የመረጠችበት ምክንያት አለ። የሙሽራው ወላጆች ቤት ከቍስቋም በታች ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1730 ካረፉ በኋላ ስለ ልጃቸው ስለ ኢያሱ አገር ያስተዳደሩ፣ ቍስቋምንም ያሠሩ ናቸው፤ ዐፅማቸው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ዐፅም ጋራ በዚያው አለ። በደቅ ደሴት የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ በዚያም ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል ይገኛል። «ዐፅማቸውን በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ፊታቸውን ደግሞ በናርጋ ልየው» አለች።

እዚህ ላይ ወደ ጣና ለሚሄዱ ባልና ሚስት ሁሉ የሚያስፈልግ ነገር ልንገር። ከጣና ገዳማት ሴት የማይገባባቸው አሉ። ለባሕር ዳር የሚቀርበው ክብራን ገብርኤል፣ በደቅ አጠገብ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ፣ በጐርጎራ በኩል ያለው ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ከእነዚህ ናቸው። ይህን ያልጠየቀ ሙሽራ ለጀልባ ከፍሎ ሚስቱን ከወደቡ ላይ ጥሎ ይወጣል። ለሁለቱም የሚሆኑት ናርጋ ሥላሴ፣ የሴቶች ገዳም የሆነው እንጦስ ኢየሱስ፣ በዘጌም ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ናቸው። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ባሕሩ የገባ የምድር ጫፍ ነው፤ ነገር ግን በጫካው ውስጥ ከቡና ዛፎች መካከል እየሄዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ከብዙ ደሴት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከወጪው ሁሉ ትልቁ የሞተር ጀልባ ኪራይ ነው። ከባሕር ዳር ናርጋ ለመድረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ስለሚወስድ የነዳጁ ዋጋ ይከብዳል። ሆኖም የሚከራየው ጀልባው እንጂ ሰው በየራሱ ስላልሆነ፣ ሁለት ሚዜዎች አብረው ሄደው ግማሹን እንዲከፍሉ ተስማማን። ይህን የሰማች አንዲት ጓደኛዋ «በጫጉላ ላይ ሚዜ?» ብላ ሳቀች። እናቴ ደግሞ እርሷን ሰምተው ሳቁ፤ በእርሳቸው ዘመን ጫጉላ ያለ ሚዜ አይታወቅምና።

ስለ ጤና የነገረችን ራሷ ሙሽራይቱ ናት፤ ሥራዋ ነውና። በሐይቁ ዳር ወባ ስላለ አጎበር ያለበት አልጋ መያዝ ይገባል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስለሚገኝ ሰው ዋና ቢያምረውም ቢተወው ይሻለዋል። ባሕሩን ከጀልባ ላይ ማየት ይበቃል፤ ጉማሬዎቹም ቢሆኑ እንግዳ አይወዱም። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭ ብዙ ውሃ ሸፍኗል።

በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፤ ለጕዞው ከመጠባበቂያው ጋራ 50 ሺሕ ብር፣ ለቤት 70 ሺሕ ብር፣ ለአበዳሪው ምንም። በጀቱን የጻፈው ሙሽራው ነው። ሲጽፍም እጁ እንደ ቀለለው አየሁ።

ሰኞ መልሱ ተደረገ። ማክሰኞ በጧት ተነሥተው መንገዱ ክፍት ሆኖ ስለ ቆያቸው ቀን ሳለ ባሕር ዳር ገቡ። ረቡዕ ጥር 21 ቀን የአስተርእዮ ማርያም በዓል ስለ ነበረ ወደ ዘጌ ተሻግረው በአዝዋ ማርያም አስቀደሱ። ሐሙስ ከሚዜዎቹ ጋራ ናርጋ ሄዱ። ልጅቱ የምንትዋብን ሥዕል ስታይ ብዙ ቆማ ዝም አለች ይላሉ፤ ምን እንዳሰበች ጠይቄያት አልነገረችኝም።

ከናርጋ ሲመለሱ ጀልባው በዳጋ እስጢፋኖስ አጠገብ አለፈ። በዚያ የዐፄ ይኵኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ይገኛል። ልጁ የታሪክ መምህር ነው፤ ከተማችንን የቈረቈሩትን ንጉሥ ዐፅም ማየት ከልጅነቱ የሚመኘው ነበር። ሚዜዎቹም «ውጣ፤ እኛ እዚህ ከእርሷ ጋራ እንቆያለን» አሉት። እርሷም «ሂድ» አለችው። እርሱ ግን ከጀልባው ላይ ቆሞ ተሳለመና፣ «ሌላ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋራ እመጣለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ይህን የነገረችኝ እርሷ ናት፤ ስትነግረኝም ስለ ናርጋ ከነገረችኝ ይልቅ ረዘመች።

ከዓርብ እስከ እሑድ በባሕሩ ዳር ዐረፉ። የዚያን ነገር አልጠየቅሁም። ሰኞ ጥር 26 ቀን ከዘጌ ቡና አንድ ኪሎ ለእናቴ ይዘው ተመለሱ፤ የመንገዱ መጠባበቂያ 10 ሺሕ ብርም ሳይነካ ተመልሶ ምድጃ ተገዛበት። ልጅቱ ዛንዚባርን አልተወችም። በመድኃኒት ቤታቸው ሴቶች ዕቁብ ገብታለች፤ ዕጣው የሚወጣላት ግን መቼ እንደ ሆነ አይታወቅም።