በመንገድ የቀረችው ራሔል



ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ፣ በቤተልሔም መግቢያ የእናታችን የራሔል መቃብር ይገኛል። ከኢየሩሳሌም አውቶቡስ ይሄዳል። ዛሬ ረጅም የኮንክሪት ግንብ ስለከበበው የድሮው ጉልላት ከሩቅ አይታይም።

ኦሪት እንደሚነግረን አባታችን ያዕቆብ ተሰዶ ካራን አገር ከአንድ የውኃ ጉድጓድ ደረሰ። በዚያው ሰዓት ራሔል በጎቿን ልታጠጣ መጣች። በአጋጣሚ ተገናኙ። ስለ እርሷ 7 ዓመት አገለገለ፤ በሠርጉ ሌሊት ግን ልያን ሰጡት። ለራሔል ሲል ሌላ 7 ዓመት ጨመረ።

ወደ አገሩ ሲመለስ የላባን ጣዖታት ጠፉ። የወሰደችው ራሔል መሆኗን ሳያውቅ ሌባውን በሞት ረገመ። ኋላም ራሔል ቢንያምን ስትወልድ መንገድ ላይ ሞተች። ያዕቆብ እዚያው ቀብሯት ጉዞውን ቀጠለ።

በ1980ዎቹ በሱዳን መንገድ 4,000 ያህል ወገኖቻችን ቀርተዋል። በሥራዬ፣ «እሱ ቀርቶ እኔ ለምን ደረስኩ?» የሚሉ እናቶች ያጋጥሙኛል። ዕጣ ፈንታ ይሁን አጋጣሚ፣ ኦሪትም አልፈታውም። ያዕቆብ ግን ሸምግሎ በሞት አልጋው ሳለ ስለ ራሔል ለልጁ ለዮሴፍ ነገረው።

እናንተም በመንገድ የቀሩባችሁን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።