ሀንቲንግተን ከተማና ሁለት ጊዜ ብቻ ያሸነፉት ልጆቿ

በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፤ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፤ ሀንቲንግተን የምትባል ከተማ አለች። በ1871 ዓመት የቆረቆራት ኮሊስ ሀንቲንግተን የተባለ የምድር ባቡር ባለጸጋ ነው፤ ሐሳቡም የሐዲዱ መንገድና የወንዙ መንገድ በአንድ ስፍራ እንዲገናኙ ነበር። (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ከወንዙ ማዶ የኦሃዮ ግዛት ይታያል፤ በስተ ምዕራብም የኬንታኪ ወሰን ቅርብ ነው። በከተማይቱ ውስጥ የማርሻል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ይኸውም በ1837 በትንሽ ተማሪ ቤትነት ተጀምሮ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አለቃ በነበረው በጆን ማርሻል ስም የተሰየመ ነው። ነገር ግን ወደዚያ ለሚደርስ መንገደኛ ከሐዲዱና ከወንዙ ይልቅ የሚነገረው የአንድ የኳስ ቡድን ታሪክ ነው፤ እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህንኑ ነው።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው የእግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሆኖ ተጫዋቾቹ በእጃቸው ይዘውት ይሮጣሉ፤ ይወረውሩታልም። በያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ራሳቸውን በጠንካራ ቆብ፤ ትከሻቸውንም በመከላከያ ሸፍነው፤ እየተጋፉና እየተጣጣሉ 100 ያርድ በሆነው ሜዳ ላይ መሬት ይሻማሉ። ኳሱን ከባላጋራው መጨረሻ መስመር ያሳለፈ 6 ነጥብ ያገኛል። የማርሻል ቡድን ልብሱ አረንጓዴና ነጭ ነው፤ ስሙም ሲሮጥ ምድርን በሚያስገመግም የጎሽ መንጋ ይመሰላል።

ኖቬምበር 14 ቀን 1970፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ቀን 1963 ዓ.ም.፤ ቡድኑ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ከኢስት ካሮላይና ተማሪዎች ጋራ ተጫውቶ 17 ለ14 ተሸንፎ በአይሮፕላን ይመለስ ነበር። ሌሊቱ ዝናምና ጉም ነበረበት። አይሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ከሚገባው በታች ዝቅ ብሎ በኮረብታ ላይ ካሉ ዛፎች ጋራ ተጋጭቶ ወደቀና ተቃጠለ። በውስጡ ከነበሩት 75 ሰዎች አንድ እንኳ አልተረፈም። ከነዚህም 37ቱ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የቀሩትም ዋናው አሠልጣኝ ሪክ ቶሊና ረዳቶቹ፤ የአይሮፕላኑ ሠራተኞች፤ ደግሞም ልጆቹን ለማበረታታት አብረው የሄዱ ሐኪሞችና የከተማይቱ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ባልና ሚስት አብረው የሞቱበትም ቤት ነበረ። በዚያች ሌሊት 70 ልጆች አባት ወይም እናት አጡ፤ ከነሱም 18ቱ ሁለቱንም ወላጆቻቸውን አጡ። ሬሳቸው ሊለይ ያልተቻለ 6 ተጫዋቾችም ከተማይቱን ቁልቁል በሚያይ ስፕሪንግ ሂል በተባለ መካነ መቃብር ጎን ለጎን ተቀበሩ።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚል ብርቱ ጥያቄ ተነሣ። ይቀጥል ተባለ። በ1971 ጃክ ሌንግየል የሚባል አሠልጣኝ የመንጋውን እረኝነት ተቀበለ። ያገኘው ግን በዚያ ጉዞ ያልነበሩትን ጥቂት የቀድሞ ተጫዋቾችና ገና ተማሪ ቤት የገቡ ልጆችን ነበር። በዚያን ጊዜ ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን መሰለፍ አይችልም ነበር፤ ነገር ግን የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ለማርሻል ልዩ ፈቃድ ሰጠ። ሬድ ዳውሰን የተባለው ረዳት አሠልጣኝ በዚያች ማታ በአይሮፕላኑ ሳይሆን በመኪና በመመለሱ ተርፎ ነበር፤ እርሱም አንድ ዓመት አብሮ ሠርቶ ከዚያ በኋላ አሠልጣኝነትን ተወ። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ቦቢ ቦውደንም ምንም እንኳ ጎረቤትና ተፎካካሪ ቢሆን፤ የራሱን የጨዋታ ስልት ገልጦ አሳያቸው። ለእንጀራ ባላጋራ ምስጢርን መግለጥ ታላቅ ደግነት ነው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በሞርሄድ ስቴት 29 ለ6 ተሸነፉ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1971 ግን በገዛ ሜዳቸው ከዜቪየር ጋራ ገጠሙ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል 13 ለ9 ይመሩ የነበሩት ዜቪየሮች ነበሩ። በመጨረሻው ጨዋታ ሬጂ ኦሊቨር ኳሱን ለቴሪ ጋርድነር አቀበለው፤ ጋርድነርም ሮጦ መስመሩን አሳለፈ። 15 ለ13 ሆኖ ሰዓቱ አለቀ፤ ሕዝቡም ወደ ሜዳው ገብቶ ከልጆቹ ጋራ ደስታን ከልቅሶ ቀላቀለ። በዚያው ዓመት ቦውሊንግ ግሪንን ደግሞ 12 ለ10 አሸነፉ። ከነዚህ ሁለት ድሎች በቀር 8 ጊዜ ተሸነፉ። መከራቸውም በአንድ ዓመት አልተፈጸመም፤ ከሽንፈቱ ድሉ የበዛበት ዓመት የተገኘው በ1984 ነው።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ በ1972 የተመረቀ፤ ሃሪ ቤርቶያ የሠራው፤ ውሃ የሚፈልቅበት ሐውልት ቆሟል። በየዓመቱ ኖቬምበር 14 ቀን ሕዝቡ በዙሪያው ይሰበሰባል፤ የሟቾቹም ስም ይጠራል፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ውሃውም ይዘጋል። ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲመጣ እንደገና ይከፈታል።

እኛ ይህን ታሪክ ስናስብ፤ ድልን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ሁለት አሸንፎ ስምንት የተሸነፈ ቡድን ምን ክብር አለው ያሰኛል እንላለን። ነገር ግን እነዚያ ልጆች የተጠየቁት ሙታኑን እንዲተኩ አልነበረም፤ ሙት የሚተካ የለምና። የተጠየቁት ባዶ የሆነው ስፍራ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ነበር። አባት የሞተበት ቤትም እንዲሁ ነው፤ የበኵር ልጅ አባቱን ሊያህል አይችልም፤ ነገር ግን በማለዳ ተነሥቶ በሩን የከፈተ እንደ ሆነ ቤቱ ቤት ሆኖ ይኖራል። ሐዘንም የራሱ ቀን አለው፤ ውሃው የሚዘጋበት ቀን እንዳለው ሁሉ የሚከፈትበትም ቀን ሊኖረው ይገባል።